ማሽኑ ይጥራት

«ማሽኑ ይጥራት እንጂ ልጅቷ አትጠራም! እኔ ቆሜ እያለሁ አይደረግም!»

ይህን ያሉት አክስት ቶኮ ናቸው፤ ጥቅል ጎመን እየከተፉ። ፉቲ ደግሞ ከኩሽናው መስኮት ውጭ የአባቷን ሸሚዞች ገመድ ላይ እያሰጣች ነበር። ጆሮ ልትጥል ብላ አይደለም፤ ደርባን ዳር ያለው የኡምላዚ ሰፈር ቤት ግድግዳው ስስ ነው፣ የአክስት ቶኮን ድምፅ ደግሞ እንኳን ግድግዳ ኮረብታም አያግደው። «እሱስ ልክ ነሽ» አሉ አጎት ቤኩሙዚ፤ ዳቦውን በሻይ እያራሱ እንደሚጎርሱ ካነጋገራቸው ያስታውቃል። «ማሽን ወንድም ሴትም አይደለም። ደግሞም አልተጠመቀም። እኔ ብጠራ ጌታዬን መካድ ይሆንብኛል፤ ማሽን ቢጠራ ግን ማንን ካደ?» ፉቲ እጇ ላይ ካለው ሸሚዝ የሚንጠባጠበው ውኃ እግሯን እስኪያርሰው ድረስ ባለችበት ቆማ ቀረች። ልትቆጣ ነበር፤ ከቁጣው በፊት ግን ግራ መጋባቱ ቀደማት። ማሽን የተባለው የእሷው ኮምፒውተር ነው። ማሽኑን የሚያናግረውም የእሷው ጣት ነው። ታዲያ ምን ማለት ነው ይሄ? ጣቷ ይጥራ፣ አፏ ይዘጋ?

ነገሩ እንዲህ ነው። በማግስቱ ቅዳሜ እናቷን ወደ ቤት የሚጠሩበት ቀን ነው። እናቷ ማንድሎቩ ካረፈች ዓመት ሞልቷታል፤ ዓመት ሲሞላ ፍየል ይታረዳል፣ የማሽላ ጠላ ይጠመቃል፣ ከጓሮ ባለችው ክብ ጎጆ ውስጥ አባወራው ተንበርክኮ የዘሩን አባቶች በየስማቸው እየጠራ ሟቿን ከመቃብር አንስቶ ወደ ቤቷ ያስገባል። ስም ከተዘለለ ወይ ከተዛባ ነፍሲቱ ውጭ በር ላይ ቆማ ትቀራለች ይላሉ። ፉቲ ይህን ታምኚያለሽ ወይ ብትባል «እንጃ» ነው መልሷ። ግን እናቷ ያንን ቡናማ የእሑድ ሹራቧን ለብሳ፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ በር ላይ ስትቆም በዓይነ ኅሊናዋ በመጣባት ቁጥር ስሞቹን በልቧ መደርደር ትጀምራለች። መጥራት የነበረባቸው አባቷ ናቸው። ባባ ምኪዜ ድሮ አባቶችን ሲጠሩ ጎረቤት ሬዲዮ ይቀንስ ነበር። ባለፈው ክረምት ግን ስትሮክ መጣና ቀኝ እጃቸውንና ምላሳቸውን አንድ ላይ ወሰደባቸው። የተረፈቻቸው አንዲት ቃል ናት፤ «ዬቦ»። አዎ ማለት ነው። ሻይ ይጠጣሉ? ዬቦ። አይጠጡም? ዬቦ። በሩን ልዝጋው ወይስ ልክፈተው? ዬቦ። ሲናደዱም ዬቦ፣ ሲያለቅሱም ዬቦ። እግዜር አንድ ቃል ሊተውላቸው ካሰበ አይቀር «እምቢ»ን ቢተውላቸው ምን ነበረበት? ይቺ «አዎ» ቤቱን በሙሉ ግራ አጋብታ አስቀረችው።

ወንድማቸው አጎት ቤኩሙዚ ይተኳቸው እንዳይባል ድነዋል፤ ከዳኑ ወዲህ አባቶችን መጥራት ቀርቶ ሲጠሩ ሲሰሙ እንኳ ጣራ ጣራ ያያሉ። አክስት ቶኮ ያገቡት ሌላ ጎሣ ነውና «እኔ የሰው ቤት ሰው ነኝ» ይላሉ። ወንድ ልጅ የለም። ሦስተኛዋም ሴት ስትሆን ነው ንቶምቢፉቲ፣ «ደግሞም ሴት» ተብላ የተሰየመችው፤ እሷም ስሟን ቆርጣ ፉቲ አደረገችውና ተገላገለች። እኅቶቿ ባል ይዘው ወደ ጆሃንስበርግ ሲሄዱ ከአባትና ከእናቷ ጋር የቀረችውም እሷ ናት። ሃያ አንድ ዓመት ሲሞላት ባባ ምኪዜ ላም አርደው ደግሰውላት ነበርና ያን ቀን ስለ እሷ አባቶችን ሲጠሩ በስልኳ ቀድታቸዋለች። የቤተሰቡ መድኃኒት የሆነው እንግዲህ ይኸው ቅጂ ነው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ!

ሸሚዞቹን አስጥታ ወደ ኩሽና ስትገባ አጎት ቤኩሙዚ የስኒያቸውን ቂጥ አገላብጠው መመርመር ጀመሩ።

«ሰምተሻል መሰለኝ» አሉ አክስት ቶኮ።

«ሰምቻለሁ። ስሞቹን እኮ እኔም አውቃቸዋለሁ፣ አክስቴ።»

«ማወቅና መጥራት ምን አገናኘው? እኔስ አላውቃቸውም? አንቺ ነገ አግብተሽ ትሄጃለሽ። አባቶቹ ደግሞ የወንድሜን ድምፅ ነው የሚያውቁት፤ የልጃገረድ ድምፅ ሲሰሙ ማን ነው የጠራን ብለው ግራ ይገባቸዋል።»

«ድምፁን አውቀው መጥተው ባለድምፁ አፉ ተዘግቶ ሲያገኙትስ ግራ አይገባቸውም?»

ቢላዋው ቆመ። ምድጃው ላይ የተጣደው ድስት ብቻ ክዳኑን ያንቀጫቅጫል። በመጨረሻ አጎት ቤኩሙዚ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ለመሆኑ ፍየሏን ስንት ገዛችኋት?» አሉ። «ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ራንድ» አሉ አክስት ቶኮ። «ኧረ በሕግ አምላክ! ለዚያች? ፂም እንኳ አላበቀለችም እኮ!» «እስከ ነገ ታበቅልልሃለች፤ አርፈህ ሻይህን ጠጣ።» ከዚያ ስለ ጎመን መወደድ፣ ስለ ድንኳን ኪራይ፣ አምና የተከራዩት ድንኳን ስለ ማፍሰሱ ተወራ። ፉቲ ልትወጣ ስትል ነው አክስቷ ፊታቸውን ሳያዞሩ የተናገሩት። «ስሚ፣ ማሽኑ በመጨረሻ እናትሽን በስሟ መጥራት አለበት። ማንድሎቩ ብሎ። እሷ ካልተጠራች ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው።»

«ያኔ እኮ እናቴ በሕይወት ነበረች። በሕይወት ያለ ሰው ማን ይጠራል? ቅጂው ላይ የለችም።»

«እሱን አንቺ ታውቂያለሽ። የዶሮ ጩኸት ዘፈን ስታደርጊ አይደል የምትውዪው? ብቻ እንደዚያ የታክሲ ዘፈንሽ ዱብ ዱብ እንዳታሰኚብን!»

እውነት ነው፣ የፉቲ እንጀራ ታክሲ ነው። ወደ ደርባን ከተማ የሚወርዱ የታክሲ ሾፌሮች፣ ተሳፋሪው ወንበር ላይ እንዲዘል የሚያደርግ ዘፈን ከእሷ ነው የሚያሠሩት። ጋራዥ በነበረችው ክፍሏ ግድግዳው ሁሉ የእንቁላል መያዣ ካርቶን ተለጥፎበታል፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ድምፅ ማጉያ፣ አንድ ክዳኑ ሲዘጋ ራሱን የሚያጠፋ አሮጌ ላፕቶፕ አላት። ለወራት የቆየባት ጭንቀት ደግሞ አንድ ነው፤ የትኛውን ሳምፕለር ልያዝ? ሳምፕለር የተቀዳ ድምፅ ሲሰጡት ተቀብሎ በኪቦርዱ ቁልፎች ላይ የሚያድል ሶፍትዌር ነው። የበር ሲጢጥታ ከሰጠኸው ቁልፉን በተጫንክ ቁጥር በር ሲጢጥ ይልልሃል። የዚህ ዓይነቱ ሶፍትዌር ግን አንድና ሁለት አይደለም፤ ኢንተርኔቱ ሞልቶታል፣ ሁሉም «እኔን ያዢ» ይላል፣ የአንዱን ሙገሳ አንብበህ ሳትጨርስ የሌላው ስድብ ይመጣል። ፉቲ እስካሁን ጊዜ አለኝ እያለች ስትወላውል ቆይታ ይኸው አሁን አንድ ቀን ብቻ ቀራት። የምትመርጠውም ሳምፕለር የሚጫወተው የበር ሲጢጥታ ሳይሆን አባቷን ነው።

ባባ ምኪዜን ደጋግፋ አምጥታ ፀሐይ በምትገባበት በክፍሏ ደፍ ላይ ወንበር አስቀመጠችላቸው። ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሐል ተክለው ተቀመጡ። መጀመሪያ የለመደችውን፣ ከሙዚቃ መሥሪያው ጋር በነፃ የመጣውን አሮጌውን ሳምፕለር ከፈተችና የስልኳን ቅጂ አስገባችበት። መሐለኛውን ቁልፍ ስትጫን አባቷ ድሮ እንደነበሩት ሆነው ወጡ፤ ጎርነን፣ ሞላ ያለ፣ ከሆድ የሚነሣ ድምፅ። በስሕተት ጣቷ ወደ ቀኝ ሲንሸራተት ግን እኚያ ግርማዊ ሰው ከረሜላ የተነጠቀ ሕፃን ሆነው አረፉት። ደንግጣ ወደ ግራ ስትሄድ ከመሸታ ቤት እየተደገፈ የሚመለስ ሰካራም። ይሄ ሳምፕለር ድምፅን ማጥበቅና ማላላት እንጂ ሌላ አያውቅም፤ አንዲት ቃል ነጥሎ ማውጣትማ ሕልም ነው። ዘወር ብላ «ባባ፣ ይሄ ይሻላል?» አለቻቸው።

«ዬቦ» አሉ።

«አይሻልም?»

«ዬቦ።»

«ከሁለት ያጣ ጎመን ሆንኩ እኮ!» ብላ ሳቀች፤ አባቷም በአንድ ጎን ከንፈራቸው ሳቁ።

ጓደኛዋ ሰንዞ ጋ ደወለች። ሰንዞ ከማዶ ሰፈር ነው፤ እሱም እንደ እሷ ለታክሲ ይሠራል፣ ከእሷ ይልቅ ግን አፍ አለው። «አሁንም በዚያ አሮጌ ነው የምትሠሪው?» ብሎ ገና ሰላም ሳይላት ጀመረ። «ሙዚየም አስገቢው እንጂ! ስሚ፣ ሳምፕለር እንደ ጫማ ነው፤ ሌላ ሰው ሲያደርገው አይተሽ ከገዛሽ ያደማሻል። ለከበሮ ከሆነ ቆራጩ አለልሽ፤ የሰጠሽውን ራሱ ከትፎ ከትፎ በየቁልፉ ያስቀምጥልሻል። ለፒያኖ፣ ለቫዮሊን፣ ለምናምን ከሆነ ደግሞ ትልቁ። ትልቁ ዋጋው ሁለት ፍየል ነው፤ ግን መሞከሪያውን በነፃ ማውረድ ትችያለሽ። ለመሆኑ ለምንድን ነው የፈለግሽው?»

«ለአባቴ።»

«ለአባትሽ ማለት?»

ነገረችው። «እሱን እንጃ፣ ፉቲ» አላት ያ አፈኛ። «ሰው ሁሉ የትኛው ነው ከበሮ የሚመታልኝ ብሎ ይጠይቃል እንጂ የትኛው ነው እናቴን የሚጠራልኝ ያለኝ የለም። ሁለቱንም ሞክሪና የትኛውን እንደመረጥሽ ንገሪኝ፤ እኔም ልወቀው።»

ቆራጩን አወረደች። እውነትም ፈጣን ነው፤ ቅጂውን ውጦ፣ ድምፁ ከፍ ባለበት ባለበት እየበጠሰ፣ ዓይኗን ጨፍና ሳትገልጥ አባቷን በቁልፎቹ ላይ በተን በተን አደረጋቸው። ጣቶቿ እንደ ልማዳቸው፣ ለታክሲ እንደሚጫወቱት፣ ወዲያና ወዲህ ሮጡ። የምኪዜ ጎሣ ትልቁ መጠሪያ «ካባዜላ ካ ማቮቮ» ነው፤ ካባዜላ የማቮቮ ልጅ ማለት ነው፤ ሽማግሌዎቹ ሲጠሩት በአንድ ትንፋሽ ነው፣ አባትና ልጅ አይለያዩም። ማሽኑ ይህን ከየት ይወቀው? መሐሉን በጥሶታል። ድምፅ ማጉያው በባባ ምኪዜ ግርማ ሞገስ «ማቮቮ ካ ካባዜላ!» ሲል ጓሮውን ሁሉ አናጋው። አባት የልጁ ልጅ ሆነ።

ከኩሽና አንድ ነገር ወድቆ ተንኳኳ። አክስት ቶኮ ቢላዋቸውን እንደያዙ እየሮጡ መጡ። «ማነው እሱ! ማነው አያቶቼን የገለበጠው! ማቮቮን ወልዶ ያሳደገው ማን ነው አልሽ አንቺ? ሽማግሌውን በልጁ ጉልበት ላይ አስቀመጥሽው እኮ! ነገ እንዲህ ብትዪ አባቶቹ እርስ በርስ ይጣላሉ፤ እናትሽን ማን ያስገባት?»

«እኔ አይደለሁም፣ ማሽኑ ነው የቆረጠው።»

«አዪዪ! እኔ ብዬ ነበር!» አሉ አክስት ቶኮ፤ ምን ብለው እንደነበር ግን ማንም አላስታወሰም። ወደ ወንድማቸው ዞር ብለው «አንተስ ሰማህ?» ሲሏቸው ባባ ምኪዜ ከዘራቸውን መሬት ላይ ወግተው «ዬቦ!» አሉ፣ ጮኽ ብለው። አዎ ሰማሁ ይሁን፣ ተይ ልጄን ይሁን፣ ማን ያውቃል።

ከቀትር በኋላ የተሞከረው ትልቁ ነው። ትልቁ እንደ ስሙ ነው፤ ሲጫን ብቻ ሻይ ተፈልቶ ተጠጣ። በላዩ የሞላው ቁልፍና መዘውር የአውሮፕላን መንጃ ይመስላል፤ ፉቲ የቱን እንደምትነካ ጠፍቷት እጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ትንሽ አየችው። ሥራው ግን ረቂቅ ነው። ካባዜላንና ማቮቮን ሳይለያይ በአንድ ቁልፍ ላይ አስቀመጠላት፤ የአባቷን ትንፋሽ እንኳ የት ሳብ፣ የት ለቀቅ እንዳደረጉ እንደ ፀጉር በቀጠነ መስመር ያሳያል። ክፉ አመሉ ሌላ ነው። ስላልተገዛ የተሠራበትን ማስቀመጥ አይፈቅድም፤ ኮምፒውተሩ ከጠፋ ሥራው ሁሉ ጠፋ ማለት ነው። በየመሐሉም «ፍሽሽሽሽ» እያለ ያንቧርቃል፣ ገንዘብህን ክፈል ለማለት። የመጀመሪያው ፍሽታ ሲመጣ አጎት ቤኩሙዚ በደጅ እያለፉ ነበር። ክው ብለው ቆሙና «መጡ እንዴ?» አሉ በሹክሹክታ።

«እነማን?»

«አይ... ምንም» ብለው ኮታቸውን አስተካክለው ሄዱ።

የቀረው የእናቷ ስም ነው። ፉቲ ቅጂውን እስከ ጫፉ ድረስ ዳግም አዳመጠችው። የስሞቹ ጥሪ አልቆ፣ እልልታው በርዶ፣ ሰዉ መንሾካሾክ ሲጀምር ስልኩ ገና እየቀዳ ነበር። እና እዚያ ጋ፣ እስከዛሬ ሰምታው በማታውቀው ቦታ፣ አባቷ እንደ ማንኛውም ባል አሉ፤ «ማንድሎቩ!» ቆጣ ብለው፣ ምንጣፉ ጠፍቷቸው ነው። የዚያ አገር ባል ሚስቱን በአባቷ ቤት ስም ነው የሚጠራት። ፉቲ እየዘለለች «አገኘሁት!» ብላ ጮኸች። ግን ደስታዋ አልቆየም። ማንድሎቩ ሁልጊዜም ባሏ ጠርቷት ሳይጨርስ ነበር አቤት የምትለው፤ ኩሽና ሆናም፣ ገመዱ ጋ ሆናም። ቅጂው ላይም እንደዚያው። የስሙ መጨረሻ ላይ የእሷ «አቤት፣ መጣሁ!» ተደርቦበታል። ፉቲ እዚያች ላይ ስትደርስ ጣቷን ከቁልፉ አነሣች። እናቷን ከሞተች ወዲህ ስትሰማት ይሄ የመጀመሪያዋ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ አለቀሰች፣ ተነሥታ ደግሞ ሰማቻት፣ ደግሞ አለቀሰች።

ከዚያ መቁረጡ መጣ። ወደ ውስጥ ገባ አድርጋ ስትቆርጠው «ማንድሎ» ብቻ ይሆናል፤ እንዲህ ተብላ የምትጠራ ሴት የለችም። ወደ ውጭ ወጣ አድርጋ ስትተወው እናቷ ትገባበታለች። በአሮጌው ሞከረች፣ በቆራጩ ሞከረች፣ በትልቁ ሞከረች። የሦስቱም መቁረጫ ባልና ሚስቱን መለየት አቃተው። የእናቷ ነፍስ ወደ ቤት ልትጠራ ነው፤ ለመጥራት ደግሞ ድምፅዋን ቆርጦ መጣል ያስፈልጋል። ይሄ እንዴት ያለ ሥራ ነው? አባቷን ቀና ብላ አየቻቸው። ከደፉ ላይ ሆነው ሲሰሟት ነው የዋሉት፤ እንባቸው በደህናው ጉንጫቸው በኩል ወርዷል። «ባባ፣ በእርስዎ ድምፅ ልጥራት?» ብላ ጠየቀቻቸው። «ዬቦ» አሉ። አቤት፣ ያቺን «አዎ» የሚተረጉምላት ሰው ቢኖር ምን ነበር! ደከማትና ከእናቷ መልስ ጭላፊውን ያህል፣ «አ» የምትለዋን ጅማሬ ብቻ፣ ከስሙ ጋር ተወችው። ማንም አይለየውም ብላ ነው።

አክስት ቶኮ ሥራውን ካልሰማሁ አላምንም ብለው ሁሉንም ሳሎን ሰበሰቡ። ላፕቶፑ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀመጠ፤ ባባ ምኪዜ ጥግ ባለው ወንበራቸው፣ አክስት ቶኮ መሬት ምንጣፍ ላይ እግራቸውን ዘርግተው፣ አጎት ቤኩሙዚ ሰባተኛ ይሁን ስምንተኛ የሻይ ስኒያቸውን ይዘው በሩ አጠገብ፣ እኔ የለሁበትም በሚል አቋቋም። ፉቲ ቁልፎቹን በተራ መጫን ጀመረች። ካባዜላ ካ ማቮቮ! ጉብሄላ! ግዋቤ! የባባ ምኪዜ ድምፅ፣ ያ ዓመት ያልተሰማ ድምፅ፣ ቤቱን ሞላው። አክስት ቶኮ ዓይናቸውን ጨፍነው በቀስታ ያጨበጭቡ ገቡ። አጎት ቤኩሙዚ ጣራ ጣራ ቢያዩም ከንፈራቸው ስሞቹን አብሮ ሲል ፉቲ አየቻቸው። ሁሉም ደህና ነበር። በመጨረሻ የእናቷን ስም የያዘችውን ቁልፍ ተጫነች።

«ማንድሎቩ! አ...»

ባባ ምኪዜ አንገታቸውን መለስ አድርገው ወደ ኩሽናው በር አዩ።

ዝም ብሎ ማየት አይደለም። ምንጣፍ ይዛ አሁን ትወጣለች ብሎ እንደሚጠብቅ ባል ነው ያዩት። ሰው ሁሉ ሳያስበው አብሯቸው ዞረ፤ አክስት ቶኮም፣ የዳኑት አጎት ቤኩሙዚም። ኩሽናው ውስጥ ድስቱ ይንተከተካል፣ የግድግዳው ሰዓት ይቆጥራል። ማንም አልወጣም። «ዬቦ?» አሉ ባባ ምኪዜ ወደ በሩ። በጥያቄ ነው ያሉት። ቆይተው ደግመው፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ዬቦ?» አሉ። ፉቲ ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። አባቷን አታልላለች፤ እናቷን እንደ በር ሲጢጥታ ጣቷ ላይ አስቀምጣ አጫውታለች። በዚህ መሐል ነው ያ የተረገመ «ፍሽሽሽሽ» የመጣው። አጎት ቤኩሙዚ «ኢየሱስ!» ብለው ሻያቸውን ኮታቸው ላይ ደፉት።

ባባ ምኪዜ ተነሡ። ብቻቸውን፣ ሳይደገፉ፣ በከዘራቸው ብቻ ወደ ቴሌቪዥኑ ሄደው በግራ እጃቸው የላፕቶፑን ክዳን ጠረቀሙት። ጠፋ። የቀኑ ሥራ ሁሉ አብሮ ጠፋ።

«ዬቦ!» አሉ።

«እሺ፣ ጥሩ ነው ማለታቸው ነው» አሉ አጎት ቤኩሙዚ ኮታቸውን እየጠረጉ።

«አይደለም» አለች ፉቲ። «ጥሩ ነው አላሉም።» በዚያ ቤት ውስጥ ትልቅ ሰው ተሳስቷል ስትል ይህ የመጀመሪያዋ ነበር፤ እንዴት እንደወጣት እሷም አላወቀችም።

አባቷ እጅጌዋን ያዙ። ጎተቷት። በኩሽናው በኩል አልፈው፣ ገመድ ላይ ከተሰጡት ሸሚዞቻቸው ሥር አጎንብሰው፣ ታስራ ከምታመሰኳው ፍየል ጎን አልፈው ወደ ክቧ ጎጆ ይዘዋት ገቡ። ስልኳ ኪሷ ውስጥ ነዘረ፤ ሰንዞ መሆን አለበት፣ የትኛውን መረጥሽ ሊል። አልነካችውም። ከጎጆዋ ግድግዳ ሥር፣ አባቶች ይቀመጡበታል በሚባለው በውስጠኛው በኩል፣ ባባ ምኪዜ እያቃሰቱ ተንበረከኩና እሷንም ከጎናቸው ጎትተው አንበረከኳት። ከዚያ ከዘራቸውን መሬት ላይ አንድ ጊዜ መቱና አፏን አዩት።

ፉቲ አልገባትም። ውኃ ፈልገው ይሆን? ደግመው መቱ። አሁንም ዓይናቸው አፏ ላይ ነው፤ አስተማሪ ሕፃን ልጅን እንደሚጠብቅ። ያን ጊዜ ገባት፤ አንቺው ጥሪ ማለታቸው ነው።

«ካባዜላ» አለች፤ ትንፋሿን ወሰደችና «ካ ማቮቮ» አለች።

ከዘራው መሬቱን ቀጠቀጠው። አይደለም! እንደ ማሽኑ ቆርጣዋለች። ደግማ ጀመረች፤ ቀኑን ሙሉ በመስመር የተሣለውን ትንፋሻቸውን ስትመረምር ውላለችና አባቷ የት እንደሚስቡ፣ የት እንደሚለቁ አሁን ከራሷ ትንፋሽ ይልቅ ታውቀዋለች። «ካባዜላ ካ ማቮቮ!» በአንድ ትንፋሽ። አባትና ልጅ አብረው ወጡ። ከዘራው በቀስታ ነካ አደረገ። «ጉብሄላ!» ነካ። «ግዋቤ!» ነካ። ድምፅዋ ቀጭን ነው፣ ይሰበራል፣ የልጃገረድ ድምፅ ነው፤ ግን እየሄደ ነው።

በሩ ጨለም አለ። አጎት ቤኩሙዚ ባዶ ስኒያቸውን ይዘው ደፉ ላይ ተገትረዋል፤ በክንዳቸው ሥር አክስት ቶኮ ሾልከው ገቡ። «የሰው ቤት...» ብለው ጀመሩና ወንድማቸውን አይተው ተዉት። ጫማቸውን አወለቁ። በሴቶች በኩል፣ በስተግራ፣ ምንጣፉ ላይ ተቀመጡና እጃቸውን በቀስታ ያጨበጭቡ ጀመር። ፉቲ አላቆመችም። ስሞቹ አለቁና የመጨረሻዋ ጋ ደረሰች።

እዚያ ላይ ጠፋባት። ምን ትበላት? ማንድሎቩ የሚላት ባሏ ነው፤ ልጅ እናቱን እንደዚያ ብሎ አይጠራም። በመታወቂያ ስሟ ጠርታት አታውቅም። ወደ አባቷ አየች፤ ከዘራው አየር ላይ እንደተሰቀለ ቆሟል፤ አይመታም፣ አይወርድም። አክስቷም ማጨብጨቡን አቁመዋል። ፉቲ ዓይኗን ጨፍና ከትምህርት ቤት ስትመለስ በኩሽናው በር በኩል እንደምትለው አለች።

«ማ... ግቢ። ቤትሽ ነው። ሁላችንም አለን።»

«ዬቦ» አሉ ባባ ምኪዜ።

ለስለስ አድርገው ነው ያሉት። የዚያን ጊዜው «አዎ» አዎ እንደነበር ለማንም መተርጎም አላስፈለገም።

አክስት ቶኮ ዓይናቸውን በሻርፓቸው ጫፍ ጠረጉና «እንግዲህ ፍየሏ ሳትታረድ ማንድሎቩን አስቸኮላችኋት» አሉ። «ነገም በይው፣ እንደዚሁ አድርገሽ በይው።» ከዚያ ቀና ሲሉ ወንድማቸው ስኒያቸውን ይዘው አሁንም በሩን ሞልተው ቆመዋል። «ቤኩሙዚ! ምን ትገተርብናለህ? ከበሩ ላይ ዞር በል እንጂ፣ ትግባበት!»

አጎት ቤኩሙዚ የዳኑ ሰው ናቸው፤ እንዲህ ያለውን ነገር አያምኑም። ወደ ኋላቸው ገልመጥ አሉ፣ ስኒውን ከእጅ ወደ እጅ አዛወሩት፣ ከበሩም ዞር አሉ።